በሃምሳ ረቡዕ የጾም በላሁ

ሴኡል፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም

ይድረስ ለእማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ትናንት በስልክ «ጣዖት ቤት ገባች አሉ» ብለሽ ተቆጣሽ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። አዎ፣ ገብቻለሁ።

ረቡዕ ግንቦት 7 እዚህ የቡድሃ ልደት ነበር። በጨረቃ አቆጣጠራቸው የአራተኛው ወር ስምንተኛ ቀን ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። አከራዬ አዛውንት ናቸው፤ ጆግዬሳ የሚባለው ቤተ መቅደስ ድረስ ደግፊኝ አሉኝ። እንዴት እንቢ ልበል?

ግቢው ሰማይ እስከማይታይ በፋኖስ ተሸፍኗል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ነጮቹ ለብቻቸው ናቸው፣ ለሞቱ ሰዎች። እያንዳንዱ ሥር ስም የተጻፈበት ወረቀት ይንጠለጠላል። የባላቸውን እስክናገኝ አንገታችን ሊቀነጠስ!

ፊት ለፊት ትንሽ የሕፃኑ ቡድሃ ምስል ቆሟል። አንድ እጁ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር ይጠቁማል። ሰው ተሰልፎ በጭልፋ ውሃ ያፈስበታል። እኔ አላፈሰስኩም። የሴትዮዋን ቦርሳ ይዤ ነው የቆምኩት፣ ይህን እወቂልኝ።

ታሪኩን እሳቸው ነገሩኝ። እናቱ ማያ ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ፣ ዛሬ ኔፓል ባለችው ሉምቢኒ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ ወለደችው ይላሉ። ለመውለድ ወደ እናት ቤት፣ እንደ እኛው! ዛፉን ስሰማ ደግሞ ያንቺ ግንቦት ልደታ መጣብኝ። ሐና እመቤታችንን ሊባኖስ ተራራ ላይ ወለደቻት ብለሽ ንፍሮውን ደጅ፣ ዛፍ ሥር የምታበይን።

አንድ ናቸው አልልሽም። እነሱ ቡድሃን አስተማሪ እንጂ ፈጣሪ አይሉትም። የኛ ፋሲካ ጌታ ከሞት የተነሣበት ነው። ሁለቱንም በዓላት ከቀን ቀን የምታዞራቸው ግን ጨረቃ ናት። በባሕረ ሐሳብ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። የቤተ ክርስቲያን ጸደይም የሚገባው መጋቢት 26 ነው። በዚያ ሐሩር ምኑ ነው ጸደይ እል ነበር። እዚህ በረዶው ሄዶ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ ሳይ ስሙ ገባኝ።

ከዚያ ምግብ ታደለ። ሩዝ ላይ አትክልት። ሥጋ የለ፣ ሽንኩርት እንኳ የለ። አንቺ 55 ቀን ጾመሽ ገና ዶሮውን ሳትጠግቢ፣ እኔ በሃምሳ ረቡዕ የጾም በላሁ። ሳቂ እንጂ!

አንድ ነገር ግን ሆዴን በላው። ማያ በወለደች በሰባተኛው ቀን ሞተች አሉ። ልጁን ያሳደገችው እህቷ ናት። አንቺም እናትሽን አታውቂያትም። እሳቸው ሲያወሩ እኔ አክስትሽ አዝለውሽ ነበር የሚታየኝ። ዝም ስል «ደከመሽ?» አሉኝ፣ ውሃ ሰጡኝ።

ልደታ ስትሄጂ ለአክስትሽ በእኔ ስም ጧፍ አብሪላቸው። ብሩን ቅዳሜ እልካለሁ። የጉልበቱን መድኃኒት ከምግብ በኋላ ነው፣ አደራ።

ልጅሽ