የጌም ቦታ ሠሪዎች የሥራ ማሳያ ከደጃችን ቢጀምር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በጋዜጣችሁ ላይ ስለ ወጣቶች ሥራ ማጣት የሚወጡትን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ እርሻና ስለ አነስተኛ ንግድ የሚያወሱ ናቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያነጉ፣ ወላጆቻቸውም «ጌም ሲጫወት ያድራል» እያሉ ስለሚያዝኑባቸው ልጆች ነው። ከእነዚህ መካከል የማይጫወቱ፣ ይልቁንም የሚሠሩ አሉ። ሙያቸው ኢንቫይሮንመንት አርቲስት ይባላል፤ ተጫዋቹ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚገባበትን ቤት፣ ከሩቅ የሚያየውን ተራራ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ በቃላት የሚያቆመውን መቼት እነሱ በፖሊጎን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቅርጽ በሚገነባባቸው ጥቃቅን ገጾች፣ ያቆሙታል።

ለዓመታት ፒያሳ አካባቢ በአንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ድራፍትስማን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ከቤቴ ሆኜ በውጭ አገር ላሉ አነስተኛ የጌም ስቱዲዮዎች በውል እሠራለሁ። ይህን የሰሙ ወጣቶች የሥራ ማሳያቸውን፣ ማለትም ፖርትፎሊዮአቸውን፣ አንዳንዱ በፍላሽ፣ አንዳንዱ በስልኩ ይዘው እየመጡ «ጋሼ፣ አርባ ቦታ አመልክቼ የመለሰልኝ የለም፤ ምን ጎደለኝ?» ይሉኛል። የምመልስላቸው ከሞላ ጎደል አንድ ስለሆነ፣ በየቡና ቤቱ ከምደጋግመው በጋዜጣችሁ በኩል ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

የሚያሳዩኝ አሥራ ስድስትም ሃያም ሥራ ደርድረው ነው። መጀመሪያ ሰይፍ አለ፤ ቀጥሎ በርሜል፤ ቀጥሎ የወርቅ ሣጥን፤ ከዚያ ከዩቲዩብ ትምህርት ላይ ደረጃ በደረጃ የተቀዳ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት፤ በመጨረሻም የጠፈር መንኮራኩር ኮሪደር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሰይፍና በርሜል በአብዛኛው የፕሮፕ አርቲስት፣ ማለትም የዕቃ ሠሪው፣ ድርሻ ነው፤ ቦታ ሠሪ የሚፈልግ አሠሪ ማየት የሚሻው ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ያንኑ ቪዲዮ የተከተሉ ሌሎች አመልካቾች የሚልኩት ስለሆነ፣ የተመልካቹ ዓይን ከመጀመሪያው ሥዕል አያልፍም። ከዚህም በላይ አሠሪ ሰውን የሚመዝነው በምርጡ ሥራው ብቻ ሳይሆን በደካማውም ጭምር ነው፤ ደካማውን ከጠንካራው ጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ራሱ አላየውም ማለት ነውና። ሦስት ወይም አራት የተጨረሱ ቦታዎች ከሃያ ጅምር ይበልጣሉ። ይህን የተማርኩት በራሴ ደርሶብኝ ነው፤ አሥራ ስምንት ሥዕል የላክሁለት አንድ ስቱዲዮ ከመካከላቸው የጨረስከው የትኛውን ነው ብሎ ከመጠየቅ በቀር ሌላ ቃል አልጨመረልኝም። ተናድጄ ሰነበትኩ፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር።

ታዲያ ምን ይሥሩ? በእግራችሁ ሄዳችሁ በእጃችሁ የምትዳስሱትን ሥሩ እላቸዋለሁ። ከሰኞ ገበያ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት የእኔ ትምህርት ቤት ሆኖልኛል። የቆርቆሮው ዝገት እንዲያው የተረጨ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ምስማር ሥር ይጀምርና የቆርቆሮውን ቦይ ተከትሎ ይወርዳል፤ ሁለት ቆርቆሮ በሚደራረብበት ጠርዝ ደግሞ ውሃ ስለሚያቁር ይጠቁራል። ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ቡናማ ነው፤ በክረምት ጠፈጠፉ መሬቱን እየመታ ጭቃ ይረጭበታልና። ምርጊቱ የረገፈው በሩ አጠገብ ብቻ ነው፤ እዚያ ሰው ይደገፋል፣ በሩም በተከፈተ ቁጥር ይመታዋል፤ በረገፈበትም ማገሩና ከጭቃው ጋር የተቦካው ጭድ ፊት ለፊት ይታያል። ልጆቹ ግን ዝገትንና እድፍን ከሶፍትዌሩ በአንድ ቁልፍ ያወጡና በጠርዙ ሁሉ ላይ እኩል ያለብሱታል። ልምድ ያለው ዓይን ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከየት እንደመጣ፣ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ ያልታሰበበት ግድግዳ ቀለም እንጂ ግድግዳ አይሆንም።

ያንን ቤት በሜትር ለካሁት። አንሪል በተባለው የጌም ሞተር፣ ማለትም ጌም በሚገነባበት ሶፍትዌር፣ ውስጥ አንዱ መለኪያ አንድ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በሩ 190 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 190 ብሎ ማስገባት ነው፤ ሂሳብ የለውም። ሆኖም ብዙዎቹ በግምት ስለሚሠሩ የሰው ምስል አጠገቡ ሲቆም በሩ ለግመል የተሠራ ይመስላል። ከዚያ ግድግዳውን ሁለት ሁለት ሜትር ወርድ ባላቸው ቁራጮች ከፋፈልኩት፦ ደፍን፣ መስኮት ያለው፣ በር ያለው፣ ማዕዘን፣ ምርጊቱ የረገፈ። እነዚህን እያፈራረቁ በማገጣጠም ከአንድ ቤት ሙሉ መንደር ይወጣል፤ ስቱዲዮዎችም በብዛት የሚሠሩት በዚህ አሠራር ነው። የበሩ መቃን፣ የጣሪያው ጠርዝና የደረጃው እንጨት ደግሞ ሁሉም ትሪም ሺት ከሚባል ከአንድ የቴክስቸር፣ ማለትም የገጽ ልባስ፣ ሥዕል ይቀዳሉ፤ ይህም የኮምፒውተሩን ሸክም ያቀላል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው በፒክስል ጥራት አለመመጣጠን ነው። በሩ በአንድ ሜትር 1024 ፒክስል ኖሮት ግድግዳው 256 ብቻ ካለው፣ በሩ በመነጽር እንደታየ ጥርት ሲል ግድግዳው ይፈዝዛል። መጠኑን አንድ ጊዜ ወስኖ ለሁሉም መጠበቅ ነው፤ ይህን ለማስተካከል ደግሞ ችሎታ ሳይሆን ትዕግሥት ይበቃል።

ደሴ ለዚህ ሥራ አንድ ጸጋ አላት፤ ጉሟ። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚመጣ ጥላ አይኖርም፤ ለቴክስቸር የሚሆን ፎቶ የሚነሣው ያኔ ነው። በፀሐይ የተነሣ ግድግዳ ጥላውን በውስጡ ይዞ ይቀራል፤ በኋላ ጌሙ ውስጥ ፀሐዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ብታዞሩት እንኳ የድሮው ጥላ አይለቅም። ይሁን እንጂ ይኸው ጉም በመጨረሻው ሥዕል ላይ ያልጨረሱትን ለመሸፈን ሲውል አያለሁ፤ የመንደሩን ግማሽ በጉም ውጦ «ድባብ ነው» የሚለኝ አለ። ድባብ የሚመጣው ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ከመወሰን ነው፤ አንድ የበራ መስኮት ወይም አንድ ጭስ የሚወጣበት ጣሪያ ይበቃል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የሚያምረውን ሥዕል ብቻ ለጥፎ መቀመጥም አይበቃም። የዚህ ሙያ ሰዎች ሥራቸውን በሚያሳዩበት አርትስቴሽን በተባለው ድረ ገጽ ላይ ወይም በራሳችሁ ገጽ ስታወጡት፣ ከሥሩ ቁራጮቹን ለየብቻ፣ ዋየርፍሬሙን (የቅርጹን የመስመር መረብ)፣ ቴክስቸሮቹንና ቅርጹ የተሠራበትን የትሪያንግል (የሦስት ማዕዘን) ብዛት አብራችሁ አሳዩ፤ አሠሪው ምን እንዳሰባችሁ የሚያነበው ከዚያ ነውና። ድንጋዩን ወይም ዛፉን ከሜጋስካንስ ዓይነት ዝግጁ ስብስብ ወስዳችሁ ከሆነ ይህንኑ ጻፉ። መውሰድ ነውር አይደለም፤ ስቱዲዮዎችም ይጠቀሙበታል። ነውሩ መደበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ አይቀርም።

«ኮምፒውተሬ አይችልም» የሚለው ምሬት ግማሹ እውነት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው አንሪል 5 ከባድ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊትማ የስድስት ሰዓት ሬንደር፣ ማለትም የመጨረሻውን ሥዕል የማውጣት ሥራ፣ ከነተስፋው አብሮ ይጠፋል። ነገር ግን ቅርጽ የሚሠራበት ብሌንደር የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ አንሪልም ለተማሪ አያስከፍልም፤ ትንሽ ቦታ፣ አንዲት ጓሮ ወይም አንድ የደረጃ ጥግ፣ በአሮጌ ማሽንም ይሠራል። ኮምቦልቻ ያሉትም አሮጌ ቤት ፍለጋ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ አቀበት መውጣት አያስፈልጋቸውም። በጅቡቲ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ቤት፣ የጎማው ክምር፣ ዘይት የጠጣው መሬት፣ በአሮጌ የመኪና በር የተሠራው አጥር፤ እንዲህ ያለውን ቦታ በውጭ አገር ያለ ተወዳዳሪ በምናቡ አያገኘውም።

በመጨረሻም አንድ አቤቱታ አለኝ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽን የመሰሉ ጥንታዊ ቤቶች ያሏት ከተማ ልጆቿ የሰው አገር ግንብ ሲቀዱ የሚያድሩት ስንፍና ይዟቸው ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት የአንድ አሮጌ ግቢን የእንጨት ደረጃ ለመለካት ሄጄ፣ ጥበቃው ሜትሬን ቀማኝ፤ ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩበት መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተም ጎድሎታል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው እያለ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። ደረጃው እስካሁን አልተለካም። ጉዳዩ የሚመለከታቸው የከተማችን የባህልና የቅርስ ኃላፊዎች መታወቂያ ያሳየ ወጣት በሜትርና በስልክ ካሜራ ብቻ፣ ምንም ሳይነካና ሳያፈርስ፣ በተወሰነ ቀን ገብቶ እንዲለካና እንዲያነሣ የሚፈቅድ የአንድ ገጽ ቅጽ ቢያዘጋጁ ወጪው ከወረቀቱ አያልፍም። ጋዜጣችሁም ይህንኑ ጥያቄ አቅርቦላቸው የሚሰጡትን መልስ ቢያትምልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ