ጨዋ ውሻ ዴይኬር ሲውል

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሕፃናት መዋያ ዋጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የእኔ ጉዳይ የውሻ መዋያ ነው፤ ትስቁ ይሆናል፣ ግን አውጡልኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሲሰማ "ለውሻ ነው ዴይኬር የምትከፍለው?" ብሎ ሳቁን መግታት አቃተው። አልፈርድበትም። እኛ ባደግንበት ግቢ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ አለቀ። እዚህ ሜሪላንድ ግን ብዙዎቻችን አፓርታማ ውስጥ ነን፣ ባልም ሚስትም ሥራ እንውላለን፣ ልጆቹ አልቅሰው ያስመጡት ውሻ ከጠዋት እስከ ማታ ከግድግዳ ጋር ይፋጠጣል።

የኛው መቻል ይባላል። ከመጠለያ ያመጣነው ድቅል ነው፤ ያኔ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል ብለውናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ዴይኬር ውሰደው፣ የኔዋ ነፍሷ ነው" አለኝና ወሰድኩት። የክትባት ወረቀት ጠየቁ፤ የእብድ ውሻ በሽታው (እሱ እዚህ 4 ወር ለሞላው ውሻ ሁሉ በሕግ ግዴታ ነው)፣ የፓርቮውና የዲስቴምፐሩ (ሁለቱም ውሻ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው)፣ ለሳሉ ደግሞ የቦርዴቴላው። ግማሽ ቀን ሞክረውት "አልፏል" አሉኝ። ልጄ ማትሪክ ያለፈ ያህል ደስ አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ሲገባ አንድ ሳህን ውሃ ጭልጥ አድርጎ እስከ ጠዋት ይተኛል። "ሲጫወት ውሎ ነው" እያልን እንደሰታለን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ጠዋት የመኪናውን በር ከፈትኩለት፤ አልወርድም አለ። አራት እግሩን ወንበሩ ላይ ተክሎ ፊቱን አዞረብኝ። ጎትቼ አስገባሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ የቦታውን ካሜራ በስልኬ ከፈትኩ። ትልቅ አዳራሽ፣ የጎማ ወለል፣ ሠላሳ ምናምን ውሻ፣ ሁለት ሠራተኛ። መቻልን ፈልጌ አጣሁት። በኋላ ጥግ ካለው አግዳሚ ሥር ጅራቱን ሸጉጦ አየሁት። አንድ ወጠምሻ ቡችላ እየመጣ ፊቱ ላይ ይዘልበታል፤ እሱ ከንፈሩን ይልሳል፣ ያዛጋል፣ ዞር ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ማዛጋት እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ፣ ጭንቀት ነው። 25 ደቂቃ አየሁት፤ ዓይኑን አንዴም አልከደነም። ውሻ እኮ ከሃያ አራቱ ሰዓት ግማሹን የሚተኛ እንስሳ ነው። ለካ ማታ ማታ እንደ ድንጋይ የሚወድቀው ቀኑን ሙሉ ዘብ ቆሞ እየዋለ ነው። ስሙን መቻል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይህን ያህል ይችላል ግን አላልኩም።

ማታ ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። "እሱማ ጨዋ ነው፣ ማንንም አያስቸግርም" አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ የሚጮኸውንና የሚናከሰውን ስትገላግል ዝም ያለውን ማን ያየዋል።

ዴይኬር ክፉ ነው አልወጣኝም። የባልደረባዬ ላብራዶር ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ እዚያው ካሜራ ላይ አይቻታለሁ። የፊት እግሮቿን ዘርግታ ቂጧን ሽቅብ ታነሳለች፣ ታሳድዳለች፣ ተራዋ ሲደርስ ትሳደዳለች፣ መሀል ላይ ሁለቱም ቆም ብለው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ጨዋታ እሱ ነው። ብዙ ውሻ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው የማያውቀውን ውሻ ሁሉ ማስተናገድ ይሰለቸዋል። በሃያ ዓመቱ ከጭፈራ ቤት የማይጠፋው ሰውዬ በአርባው ቡናና ሁለት ጓደኛ ይበቃው የለ? እንደዚያ ነው።

ለማስገባት የምታስቡ፣ ለአንድ ሠራተኛ ስንት ውሻ እንደሚደርስ ጠይቁ፤ ከአሥር አሥራ አምስት ካለፈ እኔ አላስገባም። ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ይለያሉ ወይ? ቀን ላይ ለብቻቸው የሚያርፉበት ሰዓት አለ ወይ? "ሲጣሉስ ምን ታደርጋላችሁ?" ስትሏቸው "እዚህ አይጣሉም" ካሏችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ደግሞ ጭራሽ አታስገቡ፣ ፓርቮ ይገድላል። "አልፏል" የሚለው የመጀመሪያው ቀን ብዙም አይነግራችሁም፤ በድንጋጤ የደረቀ ውሻም ጨዋ ይመስላል። አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን በሩ ጋ ሲደርስ እግሩን እዩት።

መቻል አሁን ቤት ነው የሚውለው። እኩለ ቀን ላይ አንዲት የሰፈራችን የኮሌጅ ተማሪ መጥታ ግማሽ ሰዓት ታንሸራሽረዋለች፣ ሒሳቧም ከዴይኬሩ ያነሰ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከላብራዶሯ ጋር ስሊጎ ክሪክ ዳር ይሄዳሉ፤ እሷ ትሮጣለች፣ እሱ ቅጠል ለቅጠል ያሸታል። ዴይኬሩ አሁንም በየወሩ ኢሜይል ይልክልኛል፦ "ሜካል ናፍቆናል" ይላል።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ