ደብዳቤ ለልጄ፦ እጅሽን ሰብስቢ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል እንጂ ሌላ ምንም የለም። ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመውና ንዴቴ ሳይበርድ የመጣሁበትን ልናገር።

አክስትሽ ሰሞኑን ደወለችልኝ። መጀመሪያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስታወራ ቆየች። እኔ ደግሞ አውቃታለሁ፤ ስለ ሽንኩርት ካበዛች ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በመጨረሻ ወጣላት። «ልጅሽ ተማሪ በማስመሪያ መታች አሉ። እናትየዋ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ አለቀሰች» አለችኝ። ልጁ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነው አሉ።

እውነት ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ። ውሸት ከሆነም እጅሽን ሰብስቢ።

ይህን ስታነቢ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን ይታየኛል። «እማዬ፣ አንድ ቀን መጥተሽ እዪው» ትያለሽ። ልክ ነሽ። ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው እየተባለ አንቺ 80 ልጅ ይዘሽ ስትጮሂ ትውያለሽ። ደመወዝሽ ኪራይና ጤፍ ካየ በኋላ ወሩን አይጨርስም። በዚያ ላይ ሙቀቱ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ማስተማር ምን እንደሚያደርግ ያላየው አያውቀውም። ሁሉንም እቀበላለሁ። ግን ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው የልጁ ጥፋት?

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ አይዘጋም። የሚያመጣልሽ አጎትሽ ነው፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ጭነት አለኝ ብሏል። ቆሎና በሶም አብሮ ይመጣል። በሶውን እርጥበት እንዳያገኘው፣ ክዳን ያለው ነገር ውስጥ አድርጊው። አጎበሩን ሳትዘረጊ እንዳትተኚ። ባለፈው ወባ ጥሎሽ «ጉንፋን ነው» ያልሽኝን አልረሳሁም።

አሁን ስሚኝ። ይህን ታሪክ በቁንጽል ሰምተሽዋል፤ ሙሉውን ግን አልነገርኩሽም።

አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረን ሰውዬ ነበር። ስሙን አልጽፍልሽም፤ ልጆቹ እዚሁ ከተማ አሉ፣ ጨዋ ልጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ማባዣ ያስጠራናል። የስድስትን፣ የሰባትን፣ የስምንትን። የተሳሳተ ልጅ አምስቱን ጣቶቹን አንድ ላይ ገጥሞ ጫፋቸውን ወደ ላይ ያቀርባል። ሰውየው ማስመሪያውን በጠርዙ ያዞርና ጥፍር ላይ ያሳርፈዋል። በኅዳር ውርጭ ነው ይሄ። እጃችን ከቤት ጀምሮ ደንዝዞ ስለሚመጣ ሕመሙ ወዲያው አይሰማም። ቆይቶ እጅሽ ሞቅ ሲል ይጀምርሻል። የሚቀጥለው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ እስክሪብቶ መያዝ አትችዪም። የአማርኛው አስተማሪ ደግሞ ለምን አትጽፊም ይልሻል።

ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው። ዛሬም ገበያ ላይ ሒሳብ ስሠራ ጥፍሬን ይሰማኛል። እዚያው ደብተራችን ጀርባ ላይ እኮ ማባዣው ታትሞ ነበር!

«ታዲያ ተምረሽበታል» እንዳትዪኝ። እኔስ ተማርኩ። አጎትሽስ?

በዓመት ቢበልጠኝም አንድ ክፍል ነበርን። ግራኝ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሰውየው ግራ እጁን እየመታ «በቀኝህ ጻፍ» ይለዋል። በቀኙ ሲጽፍ ፊደሉ ይጣመማል። ተጣመመ ብሎ ደግሞ ይመታዋል። መውጫው በየት ነው? እሱ ያገኘው መውጫ በሬሳ ወንዝ ነበር። ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣል፣ ወንዝ ዳር ይውላል፣ እኛ ስንለቀቅ ተቀላቅሎን ይገባል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አይተውት ለአባባ ነገሩት።

አባባ በጆሮው እየጎተተ ትምህርት ቤት ወሰደው። ለሰውየው «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» ብሎ አስረከበው። የዚያን ጊዜ ወላጅ እንዲህ ነበር የሚለው። ከክፋት አይደለም። አባባ ክፉ አልነበረም፤ አንቺ ራስሽ ጉልበቱ ላይ ነው ያደግሽው። ልጁ ሰው እንዲሆንለት ነው። ብቻ «ለምን ሸሸህ?» ብሎ አልጠየቀውም። አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት ሌላውን ወሬ ሁሉ ትቶ «ያን ልጅ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ» ይለኝ ነበር። ለእኔ። ለአጎትሽ ለራሱ ሲለው አልሰማሁም። አጎትሽ ደግሞ በየሳምንቱ ሊጠይቀው ይመጣ ነበር፤ ሁለቱ ስለ መኪና ጎማ ሲያወሩ ይውላሉ።

አጎትሽ ያን ዓመት እንኳን አልጨረሰም። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚባለውን አያውቀውም። ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸከመ፣ ረዳት ሆነ፣ ከዚያ ሾፌር። የጭነት ሒሳብ በጭንቅላቱ ሠርቶ ከነጋዴው ካልኩሌተር ይቀድማል። ፎርም ሲሰጡት ግን «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» ይላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም።

ኮሌጅ ስትገቢ ፍራሽሽን የገዛልሽ እሱ ነው። ስትመረቂ «ቲቸሯ፣ ቲቸሯ» እያለ መናኸሪያውን ያስቸገረው እሱ ነው። አክስትሽ ያለችኝን አልነገርኩትም። አንቺም እንዳትነግሪው። እጅሽን ሰብስቢ።

የማይመታ ሁሉ ጥሩ አስተማሪ ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። ስድስተኛ ክፍል የገጠመን ሰው እጁን አንስቶብን አያውቅም። ደብተሩን ለክፍል አለቃው ይሰጥና «ሰሌዳ ላይ ገልብጥላቸው» ብሎ ውጭ ፀሐይ እየሞቀ ጋዜጣ ያነባል። ሲጋራ ሲያልቅበት ከእኛ አንዱን ይልካል። ከእሱ ዱላም አልቀመስን፣ እውቀትም አልቀመስን።

የኔታስ? ከዚያ ሁሉ በፊት ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አለንጋቸው ከጎናቸው አይጠፋም ነበር። ይሁንና አንድ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ በትራቸውን ይዘው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ታሞ ከሆነ ጠበል ይረጩታል፤ ከብት ጠብቅ ተብሎ ከሆነ ከአባቱ ጋር ይሟገታሉ። በእሳቸው ጉዳይ ሁለት ልብ ነኝ። እስካሁን አልፈረድኩም።

ልነግርሽ የፈለግሁት ስለ አምስተኛ ክፍሏ ነው። ያኔ ወንዱን አስተማሪ ጋሼ፣ ሴቷን እትዬ ነበር የምንለው። እትዬ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቷ ነው፤ በዕድሜ ካንቺ አትበልጥም። ስትገባ ሰሌዳችን ነጥቶ ጠመኔው አይነበብም። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ከየቤታችሁ አምጡ አለችን። ሰብረን ጥቁሩን አወጣን፣ ወቀጥነው። በውሃ በጠበጠችውና ወንበር ላይ ቆማ ራሷ ቀባችው። ጋዋኗም፣ እጇም፣ አፍንጫዋም ከሰል መሰለ። ሳቅንባት። እሷም ሳቀች።

በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን ነው የምንቀመጠው። እኔ በግራ በኩል ጫፍ ላይ ነኝ፤ መሐል ላይ ያለችው ልጅ ግራኝ ነች። ስንጽፍ ክርኗ ከክርኔ ይጋጫል፣ መስመሬ ይበላሻል። አንድ ቀን ገፋኋት፣ ገፋችኝ፣ ደብተር ወደቀ። እትዬ መጣች። ጣቶቼን ገጥሜ ጠበቅሁ፤ ለምዶብኝ። እሷ እጄን አላየችውም። ዴስኩን ነው ያየችው። ሁለታችንንም «ጻፉ እስቲ» አለችን። ጻፍን። ክርኖቻችንን ተመለከተች። «አንቺ ወደ ጫፍ፣ አንቺ ወደ መሐል» ብላ አቀያየረችንና ወደ ሰሌዳዋ ተመለሰች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከማንም ጋር አልተጋጨም።

እኔ ግን የዚያን ቀን ትምህርት አልገባኝም። አጎትሽን ሳስብ ዋልኩ። አንድ ዓመት ብቻ ቢታገሥ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። ደግሞ መልሼ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ማስመሪያ ታገሥ የሚባል ልጅ አለ እንዴ እላለሁ።

ልፍስፍስ ነበረች ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ሌላው ሲወጣ ይቀራል። እሷም ምሳዋን ሳትበላ አብራው ትቀራለች። ከእሷ ጋር መቅረት ከዱላ ይልቅ ያሳፍር ነበር፤ የሰው ምሳ ማስቀረት ቀላል አይደለም። ማታ ማታ ደግሞ ቀበሌ ውስጥ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ዘመቻው 1971 ከተጀመረ ወዲህ ዙር በዙር እየተባለ ይቀጥል ነበር። አያትሽ የተማረችው እሷ ዘንድ ነው። አያትሽ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ፊደል ስትገለብጥ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ሳቀ። እትዬ ደጅ አስወጣችው። ምን እንዳለችው የሰማ የለም። ተመልሶ ሲገባ «እማማ ይቅርታ» አለ። አያትሽ ወረቀት ላይ በጣቷ መፈረሟን ትታ ስሟን በእጇ መጻፍ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልጅ እንመለስ። ለምን እንደተኛ ጠይቀሽዋል? ያለሽበት አገር የመስኖ አገር ነው። ውሃ በተራ ነው የሚደርሰው፤ ተራው ሌሊትም ይሆናል። ሽንኩርት ሲያጠጣ አድሮ ይሆናል። ወባም ይሆናል። ሳይበላ መጥቶም ይሆናል። ሰነፍም ይሆናል፤ ሰነፍ ልጅ መቼም አይጠፋም። ግን ጠይቂው።

ሌላም ነገር አለ። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ሕገ መንግሥቱን አገላብጬዋለሁ። ያው የ1987ቱ። አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ዛሬ ዳይሬክተር ጋ የሄደች እናት ነገ የት እንደምትሄድ አይታወቅም። ይህን የምጽፍልሽ ላስፈራራሽ ነው። ፍሪ።

በዚህ ሳምንት ልጁ ቤት ሂጂ። ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፤ ኪሎ ስኳር ያዢ። እናትየዋ ብትጮህብሽ አትመልሺላት፤ ይውጣላት። ቡና ካቀረበች ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትነሺ። ይቅርታውን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለልጁም በዪ፣ ፊት ለፊት። ትንሽ ልጅ ይቅርታ አይባልም የሚሉሽን ባልደረቦችሽን አትስሚ። ማስመሪያውን መስመር አስምሪበት፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ንዴት ሲመጣብሽ ወደ ሰሌዳው ዞረሽ ቀን ጻፊ። እኔ በአንቺ ስናደድ ሰሃን የማጥበው ለምን ይመስልሻል?

የኔ እናት፣ ጥሩ አስተማሪ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ትንሽ ሆነሽ ድመቷን አስቀምጠሽ ሀ ሁ ስታስቆጥሪ አይቼሻለሁ፤ ጥላሽ ስትሄድ ተከትለሽ ትለምኛት ነበር እንጂ አልመታሻትም። ድካም ነው፣ ገባኝ። በዓል ሲደርስ ነይና እዚህ ብርድ ውስጥ ተኝተሽ ረፊ። እስከዚያው እጅሽን ሰብስቢ።

ቆሎው የመጣበትን ጆንያ ለአጎትሽ መልሺለት፣ የሰው ነው። ምሳ ሳይበላ እንዳይነሳ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ መልሶ የጣርማ በርን ዳገት ሊወጣው ነው። ደብዳቤውን ሲሰጥሽ አጠገብሽ ቆሞ «ምን ትላለች?» ይልሻል፤ ሲነበብለት ደስ ይለዋል። የቆሎውን፣ የአጎበሩንና የጉልበቴን አንብቢለት።

እናትሽ