ማስጠንቀቂያው ከባቡሩ ይቅደም

ለአዘጋጁ፦

«ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ ይሁኑ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባቡሩ ጣቢያው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሐዲዱ ጩኸት ቃሉን ይውጠዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ የጫማው ጫፍ ከመስመሩ አልፎ፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቆሞ ነበር። ደንግጦ ያፈገፈገው ሳይቆም የሚያልፈው ባቡር ንፋሱ ኮቱን ሲያርገበግበው ነው። አጠገቡ የነበርነው (እኔንም ጨምሮ) አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ባቡር ፍሬን ስለተያዘ ብቻ እንደ መኪና ቶሎ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጃፓን ውስጥ መነጠፍ የጀመረው፣ በእግር የሚዳሰሰው ጎርበጥባጣ ንጣፍ የታሰበው ለዓይነ ስውራን ነበር፤ ዛሬ በባቡር መሳፈሪያው ጠርዝ ተነጥፎ ስልኩ ላይ ላፈጠጠውም ይጠቅማል፣ ተረግጦ ካላለቀ። ያለቀው ይታደስልን፤ ማስጠንቀቂያውም ባቡሩ ከመታየቱ በፊት ይነገር።

የዘወትር ተሳፋሪ