ጀልባዋ ባና ለብሳ ታድራለች

ይድረስ ለወንድሜ፤

ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ የጻፍኩልህ ቸግሮኝ መሆኑን የእጅ ጽሑፌን ስታይ ገና ሳታነበው እንደምትገምት አውቃለሁ። ልክ ነህ። ለእናትህ ልቅሶ አለመድረሴን በዚህ ወረቀት ላይ ላስተባብል አልደፍርም፤ ስንገናኝ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ እስከዚያው ነፍሳቸውን ይማር። ፖሊሽ ማሽንህም እኔ ዘንድ ደኅና ናት። ሰረቀኝ ብለህ ለስንቱ እንዳወራህ ሰምቻለሁ፤ እኔ የማውቀው ግን መዋሴን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጀልባ እየጠገንኩ ነው። ሳቅህን ጨርስ። ዝዋይ ላይ ሰው የሚያመላልስ አንድ የአገራችን ልጅ፣ ጣና ዳር መሥራቴን ከሰው ሰምቶ የፋይበር ግላስ ጀልባውን በአይሱዙ ጭኖ ጋራዤ በር ላይ አወረዳት። ለጥምቀት እንድትደርስለት ይፈልጋል፤ እኔም ቀብዱን ተቀብዬ በልቼዋለሁ።

ፖሊሹ ሠምሮልኛል። ፀሐይ የበላው ጄልኮት፣ ያ አንጸባራቂ የላይ ሽፋኗ፣ ጣት ሲያሳልፉበት እንደ ጠመኔ ዱቄት ይተው ነበር። በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ፣ በ800፣ በ1000፣ በ1500 እያልኩ፣ ጣት በሚያደነዝዝ ውሃ ፈተግኩት። በኮምፓውንድ፣ በማወልወያ ቅባቱ፣ አሽቼ ስጨርስ የለበስኩት ጋቢ ጥለት በጎኗ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ ስፍራ ላይ ብቻ፣ ጠርዝ ላይ ማሽን አታቁም ያልከኝን ዘንግቼ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላውን ሽፋን በልቼ የፋይበሩን ክር አወጣሁት። ይህን ለባለቤቱ ገና አልነገርኩትም፤ ላንተ ነገርኩህ።

ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። አፍንጫዋና ግራ ጎኗ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ነበረባት። ሁለቱንም ከላይ ሰፋ፣ ከሥር ጠበብ አድርጌ ከፈትኩና በአሴቶን ጠርጌ ጄልኮት ሞላሁ። የአፍንጫዋ ጠጠረ። የግራ ጎኗ ግን ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ጥፍሬን ስጫነው እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ይሰረጎዳል። አየር የነካው ፊቱ ብቻ ቢያጣብቅ ባልደነገጥኩ፤ ለዚያ ላስቲክ አልብሼዋለሁ። ይህ ግን የላዩን በአሴቶን ስጠርገው እንኳ ከሥሩ ለስላሳ ነው።

ብርዱ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ከ15 ዲግሪ በታች የጄልኮቱ ሙጫ፣ ፖሊስተሩ፣ ለመጠጠር እንደሚለግም ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ባሕር ዳር ላይ እኮ የሚያናድደን ሳንቀባው ጣሳው ውስጥ ግሎ መጠጠሩ ነበር! እዚህ ቀን በፓውዛ አሞቃታለሁ፤ ሲመሽ መብራቱን አጥፍቼ ሁለት የመንዝ ባና ደርቤላት ትተኛለች። ጎረቤቶቼ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደረች?» ይሉኛል። ረዳቴ ደግሞ ያ ሁሉ ከጄልኮቱ የሚወጣ፣ እሳት የሚይዝ የስታይሪን ሽታ በታፈነበት ቤት ከሰል አቀጣጥሎ ሲገባ ደርሼበት፣ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ጩኸት ጮኽሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ብርዱን የምወቅሰው ሌላውን ነገር ላለማሰብ ነው። የግራውን ሳዋህድ 100 ግራም ጄልኮት መዘንኩ፤ 2 ግራሙን ሃርድነር፣ ማጠጠሪያውን፣ በስሪንጅ ሳብኩ፤ በዚህ መሐል ስልክ ጠራ። የደወለችውን አንተም ታውቃታለህ፤ ስሟን አሁን አልጽፍም፤ ከሰው እንዳትሰማ ብዬ ነው እንጂ ይህንንም ባልጠቀስኩት ነበር። አውርተን ስንጨርስ ስሪንጁ ባዶ ነው። ጣሳው ውስጥ ጨምሬው ይሁን፣ ወይስ መሬት ላይ አፍስሼው፣ እንጃ። መሽቶም ነበርና ብርዱ ይሁን ስልኩ መለየት አቃተኝ።

ሃርድነር ካልገባው አሥር ባና ቢደረብለት እስከ ፋሲካም አይደርቅም፤ ተፍቆ መውጣት አለበት። በርዶት ከሆነ ደግሞ ጥቂት ሙቀትና ትዕግሥት ይበቃዋል፤ ከሥር ያለውን ጤነኛ ሽፋን በከንቱ አልጎዳም። ከላዩ ላይ ሃርድነር ብቀባውስ የሚል ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር፤ እባክህ አትስደበኝ፤ ተውኩት።

መደወል ይቀል ነበር። ነገር ግን ድምፅህን ሰምቼ፣ ስለ እናትህ ሳላነሣ ስለ ጄልኮት ማውራት አይሆንልኝም፤ ስለ እናትህ ከጀመርኩም ወደ ጄልኮቱ መመለስ አልችልም። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ሰው ማክሰኞ ይመለሳል። «ፋቀው» ወይም «ተወው» ብለህ አንዲት ቃል ጻፍልኝ። ማሽንህን በእጁ ያልላክኳት ሥራው ስላላለቀ ነው።

ወንድምህ
ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ