ከሰልፍ ሜዳ እስከ ጓሳ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ሚኒ ሚዲያ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው በእረፍት ሰዓት ዘፈን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ነው። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ በተደረገው የመምህራን ስብሰባ ላይም «ክበቡ ከዘፈን ያለፈ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጠያቂው ባልደረባዬ በቅን ልቦና እንደጠየቁ አውቃለሁ። መልሱ ግን በስብሰባ መዝጊያ ላይ በችኮላ የሚሰጥ ስላልነበረ እዚህ ላቅርበው። ልጆቻችን ዘንድሮ ስለ ገዛ አገራቸው ጠይቀዋል፣ አጣርተዋል፣ በገዛ ድምፃቸውም ተናግረዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጥያቄያቸው የአገር ሽማግሌዎችን አሠራር አስለውጧል።

መደበኛው ሥራ እንደ ወትሮው ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ አባላት ተመዘገቡ፣ ሥራ አስፈጻሚዎች ተመረጡ፣ ዕቅዱም ለተጓዳኝ ትምህርት አስተባባሪው ቀረበ። አባላቱ በዜና፣ በቃለ መጠይቅ፣ በሥነ ጽሑፍና በቴክኒክ ቡድን ተከፋፍለው ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ሲገናኙ ቆይተዋል። ቃለ ጉባኤው ተሟልቶ ተይዟል፤ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው።

ዋናው ሥራችን ሰኞና ዓርብ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚቀርበው የአካባቢ ዜና ነው። የበግና የገብስ ዋጋ በገበያው ስንት እንደዋለ፣ በየትኛው ቀበሌ ውርጭ ሰብል እንደመታ፣ የበልጉ ዝናብ የት እንደጀመረ፣ ውሾች መቼና የት እንደሚከተቡ ልጆቹ ራሳቸው ዞረው ይሰበስባሉ። ክበቡ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ቢያንስ ከሁለት ሰው ያልተጣራ ዜና አይነበብም። ይህ ሕግ በኅዳር ወር ተፈተነ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሰፈሩ ያለው ቦኖ እንደተበላሸና እናቶች ውሃ ለመቅዳት ወንዝ እንደሚወርዱ ዜና ሠርቶ አነበበ። በማግስቱ የሰፈሩ ተጠሪ ተቆጥተው ግቢያችን ድረስ መጡ። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ማንን መቼ እንዳነጋገረ አሳያቸው፤ ቀጥሎም «ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ የእርስዎንም ሐሳብ ልቅዳ» አላቸው። እርሳቸውም ቁጣቸው በርዶ መለዋወጫ እየጠበቁ መሆኑን አስረዱ። ዓርብ ጠዋት መላው ተማሪ ማብራሪያውን ከራሳቸው አንደበት ሰማ። በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ስለ ተጠያቂነት የምናስተምረው ይህንኑ አይደለምን?

እንቅፋትም ገጥሞናል። በታኅሣሥ ወር በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ አምፕሊፋየሩ ተቃጠለ። የግድግዳ ጋዜጣውም በወረቀትና በማርከር እጦት ምክንያት በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በታቀደው ልክ አልወጣም። ለጥገና የጻፍነው ደብዳቤ «በጀት ሲፈቀድ ይታያል» ተብሎ ተመራ፤ ዓመቱ እስኪያልቅም አልታየም። እስካሁን የምንሠራው ከስፖርት ክፍሉ በተዋስነው ሜጋፎን ነው፤ ባትሪውንም የሚገዙት ልጆቹ ናቸው። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ሳምንቱን በስንቅ የሚገፉ ልጆች ለባትሪ ሲያዋጡ ማየት ለመምህራቸው ቀላል አይደለም። በጀት የሚመድቡ ሁሉ ይህን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ጓሳው ጉዞ ልምጣ፤ የዓመቱ ትልቁ ሥራችን እርሱ ነውና።

ጓሳ ለመንዝ ሰው ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቤታችን የሚከደነው፣ ገመዳችን የሚገመደው፣ አያቶቻችን በክረምት የሚደርቡት ገሳ የሚሠራው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበት ደጋም በዚሁ ስም ይጠራል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ያ ደጋ ውሃውን በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይለቃል። በከተማ ያደጉት ተማሪዎቻችን ግን አብዛኞቹ ከመኪና መስኮት እንጂ በእግራቸው ረግጠው አያውቁትም። እንዴት እንደሚተዳደርማ የሚያውቅ ከጠቅላላው ጥቂት ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች ዘሮች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቀው አቆይተውታል። በዚያ ሥርዓት ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲደርስ በአንድነት ይከፈት፣ ከተፈቀደው ጊዜ ውጪ ገብቶ ያጨደም ይቀጣ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቀሮውም ሥልጣን አብሮ ቀረ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየም፤ በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ተወካይ እየመረጠ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኋላም የክልሉ መንግሥት በደንብ የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ብሎ እውቅና ሰጠው። ስለ ሕግና ስለ ውክልና ስናስተምር ምሳሌ ፍለጋ ባሕር የምንሻገርበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

ጉዞው የተደረገው ከጥምቀት በኋላ በዋለ ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ የባከነ ክፍለ ጊዜ የለም። አንድ ወላጅ መኪናቸውን ያለ ክፍያ ሰጡን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቆሎና ዳቦ ይዘን፣ በርኖስ ያለው በርኖስ፣ የሌለው ጋቢ ደርቦ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ስንደርስ ውርጩ በጓሳው ጫፍ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ ጅባራዎቹ ቅጠላቸውን እንደ ጡጫ ጨብጠው ቆመዋል። ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወደ ሜዳው መውጣት ጀመሩ። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ሲበሉ፣ ድምፁ እኛ ካለንበት ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ቀይ ቀበሮው መጣ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በጭላዳዎቹ መሐል ገባ። አንድም የሸሸ አልነበረም፤ ልጅ ያዘለች ጭላዳ እንኳ ቀና ብላ አይታው ወደ ሣሯ ተመለሰች። ቀበሮው ጆሮውን አቅንቶ ቆመ፤ ወዲያው ዘሎ አይጥ አነቀ። አብሮን የነበረው ጠባቂ ይህ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ነገረን። እዚሁ ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መሐል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉና ከሁሉ የሚከፋባቸው ከቤት ውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑንም ለልጆቹ ነገርኳቸው። በግ እየጠበቀ ያደገ አንድ ተማሪያችን ድምፅ መቅጃውን ወደ አፉ አስጠግቶ «እኛ ቤት ቀበሮ ሲታይ ድንጋይ ነው የሚነሣው። እኔ ግን ዛሬ በግ ሳይሆን አይጥ ሲበላ አየሁት። ውሻችንን አስከትባለሁ» ብሎ ቀዳ። የውሻ ክትባቱን ዜና በየሳምንቱ ደጋግመን ያሰማነው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌዎቹ ተወካዮች ሜዳ ላይ ስለ ዘንድሮው የጓሳ መክፈቻ ሲመክሩ ልጆቹ ዳር ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ፈቀዱልን። አንድ አባት አስቀድመው ማጭድ አንሥተው ሣሩ ከሥሩ ሳይነቀል ከየት ላይ እንደሚታጨድ አሳዩአቸው፤ ሥሩ ከተነካ ለከርሞ አይመለስም። ውይይቱ ረጅም ነበር፤ ስለ ጠባቂዎች አበል፣ ሌሊት ከብት ስለሚያስገቡ ሰዎች፣ ስለ ቅጣቱ መጠን። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው «ልጆች፣ የምትሉት አለ?» አሉ።

የተነሣችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ጓሳውን ከሚያዋስኑት ቀበሌዎች በአንዱ ይኖራሉ። ክበቡ ስትገባ «ድምፄ አይሰማም» ብላ ቴክኒክ ቡድን ውስጥ ሽቦ መጠቅለልን የመረጠች ልጅ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ እንዲህ አለች፦ «አባቶቼ፣ ጓሳ ሲከፈት ደስ ይለናል፤ ቤታችን የሚከደነው በእርሱ ነው። ነገር ግን ቀኑ የሚነገረን በዋዜማው ነው። እኔ አምና የሒሳብ ፈተና አመለጠኝ። አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴ ብቻዋን አጭዳ አትጨርስም። ቀኑን ቀደም ብላችሁ ብትነግሩን ትምህርት ቤታችንም ፈተናውን ያሸጋሽግልን ነበር።»

ለአፍታ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንድ ተወካይ «ቀኑ ቀድሞ ከታወቀ ሌባውም ቀድሞ ይገባል» ሲሉ ተቃወሙ። እውነታቸውን ነው፤ ቀኑ በዋዜማው የሚነገረው ለዚሁ ሲባል ነውና። እርሷ ግን አልተቀመጠችም። «እንግዲያው በዚያ ሳምንት ጥበቃው ይጠንክር፤ እኛም ያየነውን እንናገራለን» አለች። ማጭዱን ያሳዩን አባት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና «ልጄ ያለችው ልክ ነው። ጓሳን ያቆየነው ለልጅ ነው፤ ልጅን ከትምህርት እያስቀረን ለማን እንጠብቀዋለን?» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ የመክፈቻው ቀን ከአንድ ሳምንት በፊት ለትምህርት ቤቶች እንዲነገርና በዚያ ሳምንት ተጨማሪ ጠባቂ እንዲመደብ ተስማሙ። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አንድ ተማሪ በሕግ አውጪዎች ፊት ቆሞ ሕግ ሲያሻሽል ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አልደብቅም።

ሰኞ ጠዋት ዜናውን ያነበበችው ራሷ ናት። ሰልፉ ላይ የነበራችሁ ትመሰክራላችሁ፤ ሜጋፎኑ ሲቆራረጥባት አስቀምጣው በባዶ ድምጿ ጨረሰችው፤ የኋላ ረድፍ ድረስም ተሰማ። በየካቲት ወር ቀኑ እንደተባለው ከሳምንት በፊት ደረሰን። የመማር ማስተማር ምክትል ርእሰ መምህሩ የክፍል ፈተናዎቹን ስላሸጋሸጉልን እናመሰግናቸዋለን። ከጓሳ የተመለሱት ልጆች እጃቸው በሣሩ ተሸረካክቶ እስክሪብቶ መያዝ ቢያስቸግራቸውም ፈተናቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ለመጪው ዓመት ሁለት ሥራዎች አቅደናል። አንደኛው የቀሮውን ዘመን የሚያስታውሱ አረጋውያንን ድምፅ መቅዳት ነው፤ ይህ ሥራ በጀት እስኪፈቀድ የሚጠብቅ አይደለም፤ አባቶቻችን እየሄዱብን ነው። ሁለተኛው ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ባለሙያዎችን የሥራ ችግርና የገበያ ሁኔታ በተከታታይ ማቅረብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም፦ አንድ አምፕሊፋየር ከኃይል መቆጣጠሪያው ጋር፣ ባትሪው እየተሞላ የሚሠራ ድምፅ መቅጃ፣ ለግድግዳ ጋዜጣ የሚሆን ወረቀትና ማርከር፣ እንዲሁም ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ። ከትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት ለክበባት የሚደርሰው ድርሻ እንዲታሰብበት ርእሰ መምህሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወላጆችና በየአገሩ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል መርዳት ትችላላችሁ፤ የእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።

የቃለ መጠይቅ ቡድኑ ለመጪው ዓመት መሪውን መርጧል፤ ያችው ልጅ ናት። አዲስ አባላት በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል እርሷ ዘንድ ይመዘገባሉ።