ከነገ ጀምሮ ላይብረሪ እንገናኝ

ሰላም ልጆች፣ ፈተና ደርሷል፤ ከዶርም እንውጣ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ማጥናት እንቅልፍ መጥራት ነው። ላይብረሪ ግን ጎናችሁ ያለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ስታዩ ስልክ ማውጣት ራሱ ያሳፍራል። ለመግዛት የሚከብደውም ወፍራም መጽሐፍ እዚያው በነጻ አለ፤ ዩኒቨርሲቲያችን በ1992 ዓ.ም. የግብርናው ኮሌጅና የጤና ሳይንሱ ተዋህደው የተመሠረተ ስለሆነ የሁለቱም ዘርፍ መጻሕፍት አሉት። አንድ ርዕስ አንብባችሁ መጽሐፉን ክደኑና ያስታወሳችሁትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ እውነት ደጋግሞ ከማንበብ በጣም ይሻላል። ቦታ ቶሎ ስለሚያዝ ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ እንገናኝ። ጃንጥላ አትርሱ!